የቆርቆሮው ባቡር ክረምት

ሰኔ 9

ብዕሩን የያዘችው ፍሬሕይወት ናት፤ የልጄ የሰራዊት ሚስት። እጁ የእሷ፣ ቃሉ የእኔ የአንለይ። ከራሷ ምንም ላትጨምር ተስማምተናል። እሺ ማለትሽንም ጻፊ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ደብተሬ ዱላ ነበር፤ የፉርጎ ልክ ስይዝ ቀርከሃ ላይ በቢላዋ እጭራለሁ፤ ለቁመቱ አንድ ጭረት፣ ለወርዱ አንድ፣ ከጎማ እስከ ጎማ አንድ። ዘንድሮ ቀርከሃው ምን እንደነካው እንጃ፣ ጭረት አይታይበትም። ስለዚህ ልኩን በቃሌ እነግራታለሁ፣ እሷ ትይዛለች።

ምን እንደምሠራ ለማያውቅ ሰው ልናገር። ባቡር እሠራለሁ። ክንድ የማይሞሉ ፉርጎዎች፣ በገዛ እጄ፣ ከምንም ተነሥቼ። የእህል ፉርጎ አለኝ፣ የከብት አለኝ፣ የነዳጅ ቦቴ አለኝ፤ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ አበጅቼ አሰልፌአቸዋለሁ። ቆርቆሮው ባምባሲ ገበያ የሚወጣ የእርዳታ ዘይት ጣሳ ነው። ዘንጉም ሐዲዱም የጃንጥላ ሽቦ። ወለሉ ቀርከሃ። ሰው «አባባ፣ ለልጅ ነው?» ይለኛል። ለልጅ አይደለም። ለእኔ ነው።

ከላስታ አምጥተው አሶሳ ሲያሰፍሩን ባቡር አይቼ አላውቅም ነበር። ከሰፈራው ጠፍተን በኩርሙክ አድርገን ሱዳን ስንገባ ነው ደማዚን ጣቢያ ላይ ያየሁት። መዶሻ ሰጡኝ። ባቡሩ ሲቆም ከፉርጎ ፉርጎ እየሄድኩ ጎማውን መምታት ነበር ሥራዬ። ደህና ጎማ እንደ ደወል ይጮሃል፤ የተሰነጠቀው ግን ገል ሲመቱት ነው የሚመስለው። ደርግ ወድቆ ስመለስ ከዚያ አገር ያመጣሁት ይህን ጆሮና የፉርጎዎቹን መልክ ነው።

የቀረኝ የሰው ፉርጎ ነው። የእንጨት መዝጊያ ያላቸው መስኮቶች፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ፣ ጣሪያው ጎበጥ ያለ። እሱን ከጨረስኩ ባቡሬ ሞላ። በዚህ ክረምት ይጨረሳል። አበቃሁ።

ሰኔ 13

ልክ፦ ቁመቱ ስንዝር ተኩል። ወርዱ አራት ጣት። መስኮቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል፣ በየጎኑ ስድስት።

አምፑሉ ደክሟል። ሰራዊትን ቀይር አልኩት፣ ቀየረ። አዲሱም ደካማ ነው። የዘንድሮ አምፑል!

ሰኔ 18

ሙርሳል መጣ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ከበርታ ሕዝብ፤ ደማዚን ላይ አብረን መዶሻ ይዘን ከፉርጎ ሥር የኖርን ነን። እሱ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። ስንት ዓመት አረምኩት፣ አልታረመም። ሰው ሲጠራም እንደ ዐረብ «ያ» ይላል።

«ያ አንለይ! እኔ በር ላይ ቆሜ ቆሜ እግሬ ሞተ። አላየኸኝም እንዴ?»

ሥራ ላይ ነበርኩ አልኩት። ሲያስል ነው ማንነቱን ያወቅሁት፤ ይህን አትጻፊ።

የሰው ፉርጎውን ግድግዳ አንሥቶ አገላበጠ። ከዚያ «ቆንጆ ነው» አለ። ሙርሳል ቆንጆ ነው አይልም። የገዛ ሙሽራውን እንኳ ሲያሳዩት «ይሄዳል» ነው ያለው። «ፍሬሕይወት፣ አንተ ሻይ አምጣ» ብሎ ወሬ ለወጠ። ምን ሊል ፈልጎ እንደተወው አላውቅም።

ሰኔ 25

ፉርጎው ጎማ ላይ ቆመ። ሐዲዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ገፋሁት። ቀጥታው ላይ ሄደ፣ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ወደቀ። አነሣሁት፤ ወደቀ። ደግሜ አነሣሁት። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሬ መትቼ አዳመጥኩ፤ ድምፃቸው ደህና ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው። የዛሬ ጃንጥላ ሽቦው ለስላሳ ነው፤ ዝናብ ይችል እንደሆነ እንጂ ባቡር አይችልም።

ፍሬሕይወት «አባባ፣ የፊተኛው ዘንግ ከኋለኛው የሰፋ መሰለኝ» አለች። ብዕር የያዘ ሁሉ መሐንዲስ ሆነ። ጻፊው።

ሰኔ 26

ጠዋት ገፋሁት፤ እንደ ውሃ ፈሰሰ! መታጠፊያውንም ዞረ። አላልኩሽም? ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ቆርቆሮ ሲበርደው ይሰበሰባል፣ ቦታውን ያገኛል። ይህን ከእኔ በኋላ ለሚሠራ ሰው ጻፊለት፦ ፉርጎ አልሄድ ካለህ አሳድረው።

ሰራዊት ቁርስ ላይ ሲያዛጋ ነበር። የበርና መስኮት ብየዳ ቤት አለው፣ እንቅልፍ አይጠግብም። የእሱና የእኔ ሥራ አንድ አይምሰልሽ። እሱ ብረት ያቃጥላል። እኔ ቆርቆሮ የማጣብቅበትን እርሳስ በጋለ ብረት አቅልጬ እንደ ሸማ ጥለት እሰፋዋለሁ።

ሐምሌ 2

ከጓዳ ሲያወሩ ሰማሁ። በጆሮ ማንም አይደርስብኝም። ሰራዊት «ትናንት በረንዳ ላይ የሰቀልኩትን ካፖርት፣ ‹ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል› ብለውታል» አለ። ፍሬሕይወት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋረጠች።

ካፖርቱ የሙርሳልን ቁመት ያህላል። ክረምት ነው፣ ጨለማ ነው፤ ያን ካፖርት ማንም ሰው ግባ ይለዋል። ሳቅሽን ለምን እንዳቋረጥሽ ግን ንገሪኝ።

ዝም አለች። ዝም አለች ብለሽ ጻፊ።

ሐምሌ 6

ጣቴን አቃጠልኩ። የጋለው ብረት ካስቀመጥኩበት የለም፤ በጣቴ ነው ያገኘሁት። ዛሬ ሥራ የለም።

ሐምሌ 8

ጣሪያውን ቀባሁ። ነጭ። ደማዚን ጣሪያው ሁሉ ነጭ ነበር፣ ለፀሐዩ። ቀለሙን ከሰራዊት ብየዳ ቤት ከተረፈው ጣሳ አነሣሁ። ቆንጆ ነው አለች ፍሬሕይወት። ሰሞኑን ሁሉ ነገር ቆንጆ ነው።

ፉርጎው ትናንት ማታ ደግሞ መውደቅ ጀምሮ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሄደ። ብርድ ነው።

ሐምሌ 11

መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ በአምባችን አለፈ። የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል፤ ሞራ የጋረደው ሰው ሆስፒታል ይምጣ፤ እስከ ሐምሌ 26 ብቻ ነው ይላል።

«አባባ፣ ሰሙ?» አለች ፍሬሕይወት።

«ለሽማግሌዎች ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ የሥራ ሰው ነኝ።»

ደግሞስ ዓይን ላይ ምላጭ? ቆርቆሮ ሲበላሽ ሌላ ጣሳ ይቆረጣል። ለዓይን ጣሳ ከየት ይመጣል? የተሠራላቸው ሰዎች አሉ ይላሉ። ይኑሩ። እኔ የጎደለኝ ደህና አምፑል ነው።

ሐምሌ 14

ወሰዱኝ። ሄድኩ አትበዪ፣ ወሰዱኝ። ሰራዊት ባጃጅ ደጅ ድረስ አምጥቶ ሞተሩን ሳያጠፋ አቆመው። ጎረቤት እየሰማ መከራከሩን ጠላሁት።

ነርሷ ኢቲዳል ትባላለች፤ በድምፅዋ ገና ልጅ ናት። ወንበር ላይ አስቀምጣ አንድ ዓይኔን በመዳፌ አስከደነችኝና «አባባ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ላይ ምን ያያሉ?» አለች። ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰው ሞልቷል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ሰው ሁሉ ፊት ፊደል ልትጠይቀኝ!

«ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም።»

«አይ አባባ፣ ይሄ እኮ…»

አላስጨረስኳትም። ዓይኔን ሊያዩ ነው የጠሩኝ ወይስ ሊስቁብኝ? ዱላዬን ይዤ ተነሣሁ። ስወጣ ትከሻዬ ግድግዳ መታ፤ በራቸው ጠባብ ነው።

ሐምሌ 17

ነገሪ መጣ፤ ከባምባሲ ማር እያመጣ የሚሸጥ ሰው ነው። ወሬው ደርሶታል።

«አባባ አንለይ፣ ምላጭ ምን ያደርጋል? ጣዝማ ማር አለኝ፣ ከመሬት ውስጥ የወጣ። የአክስቴን ዓይን እንደ መስታወት ነው ያደረገላት።»

«አክስትህ አሁን የት ናት?»

«ሞታለች።»

«ስትሞት ታይ ነበር?»

«ሁሉን ነገር!»

በቀኝ ዓይኔ ሁለት ጠብታ። እሳት ነው። መድኃኒት ያቃጥላል፤ የማያቃጥለው ሻይ ነው። ለሰራዊት እንዳትነግሪው።

ሐምሌ 18

ያቃጥላል። ገና እየሠራ ነው።

ሐምሌ 19

ቦቴውን ረገጥኩት።

ማነው መሬት ላይ ያስቀመጠው ብዬ ጮህኩ። እኔው ነኝ ያስቀመጥኩት፣ ጠዋት፣ አቧራውን ልጠርግለት ብዬ። እግሬ ሥር ሲጨፈለቅ ሰማሁት። ያ ቦቴ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ ሰራዊት በእንብርክኩ ሲሄድ የሠራሁት።

ጣዝማውም ምንም አላደረገ።

ብዕሩን አስቀምጪ።

ሐምሌ 21

ዛሬ ረጅም ነው፣ ቀለም ይበቃሽ እንደሆነ እዪ።

ሙርሳል መጣና ሳይጠይቅ ከጎኔ ተቀመጠ። ስለ ደማዚን አወራን። አሁን እዚያ ጦርነት ነው፣ ባቡር የሚያስብ የለም። ከዚያ ድንገት «ሆስፒታል ጥለህ ሄድክ አሉ» አለ።

«ፊደል ጠየቁኝ።»

«ፊደል አይደለም። እኔ አምና ዓይኔን ሲሠሩልኝ አይቻለሁ። ሹካ ነው። ሹካው አንዴ ወደ ላይ ነው፣ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ጎን። ጥርሱ ወዴት እንደዞረ በእጅህ ታሳያለህ፣ ኻላስ፣ አለቀ። እኔስ ፊደል መቼ አውቃለሁ?»

«ሹካ አላየሁም።»

«ምን አየህ?»

«ወረቀት።»

«ወረቀት ብቻ?»

እንግዲህ ያኔ ነው የገባኝ። ወረቀቱ ላይ አንድም ነገር አልነበረም፤ ለእኔ አልነበረም። ከጀርባዬ ወረፋ ይዞ የቆመው ሰው ሁሉ ሹካ ያያል፤ እኔ ነጭ ነገር አያለሁ፤ ደግሞ ተቆጥቼ ወጣሁ። እውነቱ ከተባለ ወረቀት ይሁን ግድግዳ እሱንም አልለየሁትም።

ሙርሳል ዱላውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ። «ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ደማዚን ላይ ጎማ ስትመታ፣ ድምፁ የተሰነጠቀ ከሆነ ባቡሩን ታሳልፋለህ?»

«አላሳልፍም።»

«ሹፌሩ ቢቆጣስ? ጣቢያ አዛዡ ቢሰድብህስ?»

«ቀይ ባንዲራ አቆምበታለሁ። ሰው የጫነ ነው።»

«አንተ ስንት ወር ነው ሰምተህ የምታሳልፈው?»

ሌላ ሰው ቢለኝ ዱላ አነሣ ነበር። ሙርሳል ግን የተሰነጠቀ ጎማ አብሮኝ ሰምቷል። ሲወጣ «ነገ እኔ ራሴ አብሬህ ሄዳለሁ» አለ። ፍሬሕይወት አንብባ ስታስተካክለው ‹እሄዳለሁ› ልትለው ነበር፤ እንዳለው ተዪው።

ሐምሌ 22

ሄድኩ። ዛሬ ሄድኩ ብለሽ ጻፊ።

ኢቲዳል በድምፄ አወቀችኝ። «የተቆጡት አባባ!» ቀኝ ዓይኔን ገልጣ አየችና ቆም አለች።

«ምን ጨመሩበት?»

«ምንም።»

«አባባ።»

«ጣዝማ።»

ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አይደለም። «ኩርሙክ ያለው አጎቴማ የአህያ ወተት ነው የጨመረበት» አለች። ከዚያ ሳቁ ቀረ። የቀላ ዓይን አይነካም፤ አንዱ ቀልቶ ሳለ ሌላውም አይነካም አለች። የምሠራበት ዓይን ቀኙ ነው፣ ግራው ከእሱ የባሰ ነው፤ ሐኪሞቹ በዚህ ጉዞ አንድ አንድ ዓይን ነው የሚሠሩት። ሐምሌ 26 ጨርሰው ይሄዳሉ። መቼ እንደሚመለሱ እሷም አታውቅም። ጠብታ ሰጠችኝ። እስከዚያ ከጠራ ይሠራልኛል፣ ካልጠራ አለቀ።

በማር! አንድ ሰው በገዛ እጁ፣ በማር!

ሐምሌ 23

ፍሬሕይወት ዓይኔን አይታ እውነቱን ትጽፋለች። በጣም ቀልቷል።

ሐምሌ 24

ቀልቷል፣ ግን ዳር ዳሩ ነጥቷል ትላለች። ነጥቷል ነው ወይስ ልታጽናኚኝ ነው? ቆንጆ ነው እንዳትይ ብቻ። ማለችልኝ።

መደርደሪያውን ከጫፍ ጫፍ ዳበስኩ። የከብቱን ፉርጎ በፍርግርጉ አወቅሁት፣ የእህሉን በክዳኑ። ሰው ያለውን ዳብሶ ያውቃል። የሌለውን ዳብሶ ይሠራል? አይሠራም። አይሠራም ብለሽ ጻፊና ስለዚህ ነገር አትጠይቂኝ።

ሐምሌ 25

ነገሪ መጥቶ ነበር አሉ። ሰራዊት ከበር መለሰው። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ይህ በጆሮዬ ያለፈኝ የመጀመሪያው ነገር ነው።

ዓይኔ ትንሽ ቀልቷል። ትንሽ ብላ ጻፈች።

ሐምሌ 26፣ ጠዋት

ነጭ ነው ትላለች። ሰራዊትም አየው፤ ነጭ ነው አለ። ባጃጁ ደጅ ነው። ሞተሩን አጥፋው፣ እኔው እወጣለሁ አልኩት።

ሐምሌ 26፣ ማታ

ተሠራ። ዓይኔ በፋሻ ታስሯል፤ የሆስፒታል አልጋ ላይ ነኝ። ፍሬሕይወት በእጅ ባትሪ ነው የምትጽፈው፤ አድረን ነው የምንወጣው።

ምላጩን አላየሁም፣ አላመመኝም። ፊቴን በጨርቅ ሸፈኑት። ዕቃዎቹ ሳህኑ ላይ ሲቀመጡ አዳመጥኩ፤ ደህና ብረት ነው፣ እንደ ደወል ነው የሚጮኸው። ያ ልቤን አሳረፈው። ሐኪሙ «አባት፣ አይንቀሳቀሱ» አለኝ። ሰው የጫነ ባቡር ሥር ገብቼ የሠራሁ ነኝ፣ መቆም አውቃለሁ አልኩት። «ደግሞ አይናገሩ» አለኝ።

ሐምሌ 27

ፋሻውን ኢቲዳል ፈታችው።

መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነው። ብዙ። ከዚያ ሻሿ፤ ቢጫ ነው፣ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ቅጠል አለው። ከዚያ ፊቷ። ልጅ ናት ብዬ ነበር። ሽበት አላት!

ወረቀቱን ጠየቅሁ። ሹካ ነው። ሙርሳል እንዳለው ሹካ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ግራ። «ይበቃል አባባ» አለች። አይበቃም አልኳት፣ ከታች ያለው ረድፍ ይቀራል። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ይሳቅ።

ሙርሳል ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ሳያስል አወቅሁት።

«ሙርሳል፣ አርጅተሃል!»

«ወላሂ አንተ ብሰሃል። እኔ አምና ነው ያየሁህ፣ ዝም አልኩ እንጂ።»

ሐምሌ 28

ቤቴ ገባሁ። አምፑሉ ደህና አምፑል ነው።

የሰው ፉርጎውን ከመደርደሪያው አነሣሁ። ይህን እንዳለ ጻፊው፣ አታለሳልሺው። ስድስቱ መስኮቶች እንደ ሰካራም ሰልፍ ናቸው፤ አንዱ ወጥቷል አንዱ ወርዷል። አንዱ ጎን ሰባት መስኮት አለው። አግዳሚዎቹ ጀርባ ለጀርባ ናቸው። ነጭ ብዬ የቀባሁት ጣሪያ ሰማያዊ ነው፤ እንደ ሽንት ቤት በር ሰማያዊ! ይህን ነው ቆንጆ ነው ስትሉኝ የከረማችሁት? ሁለታችሁም? ሙርሳልም?

ፍሬሕይወት ደብተሩን ፊቷ ላይ ያዘች። ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ አሁን ይታየኛል። እኔም ሳቅሁ። እስኪያስለኝ ሳቅሁ።

ከዚያ ገልብጬ ከሥሩ አየሁት። ዘንጎቹ ላይ ያለው እርሳስ የእኔ አይደለም። የእኔ ስፌት ቀጭን ነው፤ ይህ ግን የዶሮ ኩስ ነው፣ ጉብ ጉብ ያለ፣ ተቃጥሎ የጠቆረ። በር የሚበይድ ሰው እጅ ነው። አንዴ አይደለም፤ ተፈትቶ ተይዟል፣ ተፈትቶ ተይዟል። ግን ስፋቱ ልክ ነው። በሁለቱም ዘንግ ልክ ነው።

ብርድ ነው ብዬ አስጽፌሻለሁ አይደል? አንቺም እያወቅሽ ጻፍሽው።

ማታ ሰራዊት ሲገባ ፉርጎውን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አየው፤ እኔን አየኝ፤ መሬት አየ።

«ይህ የዶሮ ኩስ የማን ነው?»

«አባባ፣ እኔ…»

«እርሳስ እንደ ብረት አይቃጠልም። ቁጭ በል ላሳይህ።»

ቁጭ አለ። ራቱ ቀዝቅዞ ነው የተበላው።

ነሐሴ 10

ጎኖቹን ከአዲስ ጣሳ ቆረጥኩ። መስኮቶቹ በየጎኑ ስድስት፣ ቀጥ ያሉ። ዘንጎቹን አልነካኋቸውም፤ እንዳሉ ይቆያሉ፣ ከነኩሱ። ሰራዊት ቦቴውን በመዶሻ ቀስ እያደረገ እያቃና ነው። እጁ ከባድ ነው። ይማራል። ነርሷ ስለ ግራው ዓይኔ ሐኪሞቹ ሲመለሱ አስጠራዎታለሁ ብላለች። በዚህኛው እጠብቃቸዋለሁ።

ዛሬ ደግሞ የፍሬሕይወትን ጽሑፍ አየሁት። እስከ ዛሬ ወረቀቱን እንጂ ጽሑፉን አላየሁትም። ጉንዳን የተሰለፈ ይመስላል፤ ግን ሰልፉ ቀጥ ያለ ነው፤ አይወድቅም።

በይ፣ አሁን ከሰኔ ጀምረሽ አንብቢልኝ። አትጻፊ ያልኩሽንም፤ እንደጻፍሽው አውቃለሁ። የፈራሁበት ቦታ ስትደርሺ አትሩጪ፣ ቀስ በይ።

እንደዚህ ያለ ቦታ የለም ትላለች። ፈራሁ ብለው አያውቁም ትላለች።

የለም? እንግዲያው እዚህ ጻፊው፦ ፈርቼ ነበር። ከሰኔ ጀምሮ፣ በየቀኑ። ጻፍሽ? አንብቢ።